አስትሮይድ የሚፈልግ የተማሪዎች ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ሉሲ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በአንዲት ትንሽ አስትሮይድ አጠገብ፣ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው፤ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ቅሪተ አካል በአገሯ የምትጠራበት ስም። የድንቅነሽ ስፋት አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ምስሎቹ ወደ ምድር ሲደርሱ ብቻዋን እንዳልሆነች ታወቀ። የምትዞራት ጨረቃ አለች፤ ጨረቃዋም ተነካክተው የቆሙ ሁለት አለቶች ናት። እሷም ዲኪካ ላይ በተገኘችው የሕፃን ቅሪተ አካል ስም ሰላም ተባለች።

ድንቅነሽ በመጀመሪያው የጉዞ ዕቅድ ውስጥ አልነበረችም። ሉሲ በ2021 ከመጠቀች በኋላ የአስትሮይዶች ምህዋር መዝገብ ሲፈተሽ ከመንኮራኩሯ መንገድ 64 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ እንደምትርቅ ታየ። መንገዱ በጥቂቱ ተቃናና ጃንዋሪ 2023 በሚጎበኙት ዝርዝር ውስጥ ገባች። ማንም ሊያገኛት የቻለው በመዝገቡ ውስጥ ስለነበረች ነው። መዝገቡ ውስጥ የገባችው ደግሞ በ1999 አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ላይ በተነሱ ምስሎች ውስጥ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ሆና ስለታየች፣ ከዚያ በኋላም ቦታዋ ደጋግሞ ስለተለካ ነው።

እንዲህ ያለውን ነጥብ ፈልጎ መለካት ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው። ስለ ህዋ ምርምር ለሚጠይቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ «በርትተህ ተማር፣ ወደፊት ትደርስበታለህ» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለበትም፤ ግን ዛሬ ሊሠራ የሚችለውን ለነገ ያሳድራል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በጥንቃቄ ለክታ የላከችው ቁጥር የባለሙያ ቁጥር በሚገባበት መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መዝገቡ የለኪውን ዕድሜ አይጠይቅም፤ የልኬቱን ትክክለኛነት ይጠይቃል። ይህ መመሪያ ያን ልኬት እንዴት እንደምታደርሱ ያሳያችኋል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግራሙን እወቁ

የምትሳተፉበት ፕሮግራም ኢንተርናሽናል አስትሮኖሚካል ሰርች ኮላቦሬሽን ይባላል። በ2006 ፓትሪክ ሚለር የተባሉ መምህር ቴክሳስ ውስጥ በሃርዲን-ሲመንስ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ነው። በዓመት ውስጥ በየጊዜው የፍለጋ ዘመቻዎችን ይከፍታል፤ አንድ ዘመቻ አንድ ወር ያህል ይቆያል። የተመዘገቡ ቡድኖች በሃዋይ፣ በሃሌአካላ ተራራ አናት ላይ ባለው የፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ የተነሱ ምስሎች ይደርሷቸዋል። የቴሌስኮፑ መስታወት 1.8 ሜትር ስፋት አለው። ቡድኖቹ ምስሎቹን ይመረምራሉ፣ ያገኙትን ለክተው ይልካሉ፤ ሪፖርቱ ከተጣራ በኋላ በዓለም ላይ የአስትሮይድ ልኬት ሁሉ ወደሚሰበሰብበት ወደ ማይነር ፕላኔት ሴንተር ያልፋል።

ተሳትፎው በነፃ ነው። አስትሮይድ ወይም ኮከብ በስማችሁ እናስመዘግባለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። በኮከብ ስም ንግድ የሚሸጠው የምስክር ወረቀት በሥነ ፈለክ ሳይንስ ዘንድ ምንም ዋጋ የለውም፤ የሰማይ አካላትን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው፣ ስም በመሸጥም አይተዳደርም።

ቡድኑን አቋቁሙ

አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። ትልቅ ክበብ ካላችሁ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ኮምፒውተር ፊት ሃያ ሰው ሲቆም ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያያሉ። ስለዚህ ከፋፍሉት። ኃላፊነት የሚወስድ አንድ መምህር ወይም መምህርት ያስፈልጋል። የግድ የፊዚክስ መምህር መሆን የለባቸውም፤ የአይሲቲ ወይም የጂኦግራፊ መምህርም ይሆናሉ። ዋናው ነገር ላቦራቶሪው በተፈለገበት ሰዓት እንዲከፈት ማድረግ የሚችሉ መሆናቸው ነው።

የሥራ ድርሻ ስትሰጡ አንዱን ቦታ በተለይ አስቡበት። አንዱ አይጡን ይይዛል፣ አንዱ ይመዘግባል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሥራው መቃወም ይሁን። ቡድኑ «አገኘን!» ሲል እሱ «ምን አሳመናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ድርሻው በየሳምንቱ ይዘዋወር። ጓደኛን መቃወም በባህላችን ሊከብደን ይችላል፣ በተለይ ሊቃወም የመጣው ታናሽ ከሆነ። አስቀድሞ እንደ ሥራ ከተሰጠ ግን ማንም አይቀየምም። ይህን ድርሻ ያልሰየመ ቡድን ደስታው ዓይኑን ይጋርደዋል፤ ለምን እንደሆነ ምስሎቹን ስትከፍቱ ታያላችሁ።

ወንድም እህት ወይም የአክስት ልጅ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ካላችሁ በቡድኑ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ሥራው በሙሉ በኮምፒውተር ስለሆነ ርቀት አያግድም።

ኮምፒውተሩን አዘጋጁ

የምትጠቀሙበት ሶፍትዌር አስትሮሜትሪካ ይባላል፤ የጻፉት ኸርበርት ራብ የተባሉ ኦስትሪያዊ ናቸው። የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ ስልክ ላይ አይሆንም። ኮምፒውተሩ የግድ አዲስ መሆን የለበትም። ስክሪኑ ግን የደበዘዘ ወይም የተቧጨረ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ የምትፈልጉት ነጥብ ከአቧራ ቅንጣት አይበልጥምና። ስክሪኑን ከመጀመራችሁ በፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ኢንተርኔት በተለይ የሚያስፈልገው በሁለት ቦታ ነው፤ ምስሎቹን ለማውረድና ሶፍትዌሩ የኮከቦችን ካታሎግ እንዲያመጣ። ብዙዎች የመጀመሪያውን አስበው ሁለተኛውን ይረሳሉ፤ ምስሉን በፍላሽ ይዘው ኢንተርኔት ወደሌለበት ላቦራቶሪ ይሄዱና ሥራው እዚያው ይቆማል። የትምህርት ቤታችሁ መስመር ደካማ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ በመምህራችሁ የተፈረመ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላፕቶፕ ይሻላል። በዴስክቶፕ የምትሠሩ ከሆነ እያንዳንዱን ልኬት እንደጨረሳችሁ አስቀምጡ።

ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት መለማመጃ ምስሎችን ጠይቁና ሥሩባቸው። ሶፍትዌሩን በዘመቻው የመጀመሪያ ቀን የሚከፍት ቡድን ከወሩ ግማሹን አዝራር በመፈለግ ያሳልፋል።

ሰዓቱን አስተካክሉ

ይህ ክፍል ለእኛ አገር ተማሪዎች የግድ ነው። በሥነ ፈለክ ሁሉም ነገር የሚመዘገበው ዩቲሲ በሚባለው የጋራ ሰዓት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ የእኛ ከንጋት የሚጀምር አቆጣጠር ደግሞ ሌላ 6 ሰዓት ልዩነት ይጨምራል። አቋራጩ ይህ ነው፦ ከዩቲሲው 3 ቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱለት፣ ከዜሮ ካነሰ 12 ጨምሩለት፤ ዜሮ ከሆነ 12 ሰዓት ነው። 18 ሰዓት ዩቲሲ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። 2 ሰዓት ዩቲሲ ከሌሊቱ 11 ነው።

ቀኑ ላይም ተጠንቀቁ። በዩቲሲ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያያችሁት ነገር በዩቲሲ ገና የትናንትናው ቀን ነው። ምስሎቹ የተነሱበት ሰዓት በፋይሉ ውስጥ ስላለ ሶፍትዌሩ ራሱ ያነበዋል፤ አትንኩት። ነገር ግን የዘመቻው የጊዜ ገደብ፣ የማስረከቢያ ቀንና ስብሰባ የሚነገራችሁ በእኛ ሰዓት አይሆንም። በላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ የሁለቱን ሰዓት ማነጻጸሪያ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ቀኑን በመስከረምና በጥቅምት ሳይሆን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መዝግቡ፤ የግላችሁን ማስታወሻ በወደዳችሁት ያዙ።

ምስሎቹን መርምሩ

አንድ የምስል ስብስብ አራት ምስሎች አሉት። አራቱም የአንድ የሰማይ ክፍል ናቸው፤ የተነሱት በደቂቃዎች ልዩነት ነው። ኮከቦች እጅግ ሩቅ ስለሆኑ ቦታቸውን ይዘው ይታያሉ። አስትሮይድ ቅርባችን፣ ብዙውን ጊዜ በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ዋናው ቀበቶ ውስጥ ስለሚዞር ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ ትንሽ ይሸሻል። ጥበቡ በሙሉ ይህን መሸሽ ማየት ነው።

አራቱን ምስሎች ክፈቱና ሶፍትዌሩ በምስሉ ላይ ያሉትን ኮከቦች ከካታሎጉ ጋር እንዲያዛምድ አድርጉ። ይህ እርምጃ ካልሰመረ ወደ ፊት አትሂዱ። የአንድ ነጥብ ቦታ የሚለካው ቦታቸው ከሚታወቅ ኮከቦች አንጻር ነውና፣ ማዛመዱ ከተሳሳተ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሁሉ ተሳስቷል። ከዚያ ምስሎቹን ተራ በተራ ብልጭ ድርግም እያሉ እንዲፈራረቁ አድርጉ።

አሁን አትቸኩሉ። ዓይን ወደ ምስሉ መሃልና ወደ ደማቅ ኮከቦች ይሳባል፤ ያልታወቁት አስትሮይዶች ግን ደብዛዛ ናቸው። ምስሉን በሐሳባችሁ በአራት ማዕዘን ክፍሎች ከፋፍሉት፣ አጉሉት፣ ከላይ ግራ ጥግ ጀምራችሁ ክፍል በክፍል ሂዱ። እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሰው ለየብቻው ይየው፤ የአንዱን ግኝት ሌላው ሳይሰማ። ከዚያ ማስታወሻችሁን አስተያዩ። ሁለቱም ያዩት ነጥብ ክብደት አለው። አንዱ ብቻ ያየውን እንደገና አብራችሁ እዩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተመለከታችሁ በኋላ ዓይናችሁን አሳርፉ፤ የደከመ ዓይን የሌለ እንቅስቃሴ ይፈጥራል።

የሚንቀሳቀስ የሚመስል ሁሉ አስትሮይድ አይደለም። የኮስሚክ ጨረር የካሜራውን ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ሲመታ በአንድ ምስል ላይ ብቻ ደማቅ ነጥብ ይተዋል። አንዳንድ የካሜራው ፒክሰሎች ብርሃን ሳያርፍባቸው ይበራሉ። በደማቅ ኮከብ ዙሪያ ጨረር የሚመስል ሐሰተኛ ብርሃን ይረጫል። ከእነዚህ ሦስት አራቱ በአጋጣሚ ቢደረደሩ የአስትሮይድ መንገድ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ነው ተቃዋሚው የሚያስፈልገው፤ ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው።

ነጥቡ በአራቱም ምስሎች ላይ አለ? በቀጥታ መስመር ይሄዳል? ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የዋናው ቀበቶ አስትሮይድ መንገዱ ሊታጠፍ አይችልም። እርምጃዎቹ ከጊዜው ጋር ይመጣጠናሉ? ምስሎቹ በእኩል ጊዜ ልዩነት የተነሱ ከሆነ በነጥቦቹ መካከል ያለውም ርቀት እኩል መሆን አለበት። አንዱ ርቀት የሌላው እጥፍ ከሆነ፣ ጊዜው እጥፍ ካልሆነ በቀር፣ ጣሉት። ድምቀቱስ? በአንዱ ምስል ደማቅ፣ በሌላው የማይታይ፣ በሦስተኛው ደማቅ የሆነ ነጥብ አጠራጣሪ ነው።

ቀጥሎ ነጥቡን ስትጫኑት የሚከፈተውን መስኮት አንብቡ። የእውነተኛ አስትሮይድ ብርሃን፣ እንደ ኮከብ ብርሃን፣ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ ብሎ የሚወርድ ኮረብታ ይመስላል። የካሜራ ብልሽት ቀጥ ብሎ የቆመ ስለት ወይም ቅርጽ የሌለው ጉብታ ነው። የነጥቡ ብርሃን ከጀርባው ካለው ረብሻ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚነግር ቁጥርም አለ፤ ከ5 በታች ከሆነ ልኬቱን አትመኑት። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ቀላል ማነጻጸሪያ አላችሁ፦ ሶፍትዌሩ አስቀድመው የታወቁትን አስትሮይዶች ምልክት አድርጎ ማሳየት ይችላል። ከእነሱ ደብዛዛውን ምረጡና ቅርጹን፣ እርምጃውን፣ ቁጥሩን ከእናንተው ጋር አስተያዩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከማንም መምህር በላይ የሚያስተምሯችሁ እነዚህ የታወቁ አስትሮይዶች ናቸው። የምህዋር መዝገቡን ግን በየጊዜው አድሱት፤ ያረጀ መዝገብ የታወቀውን አዲስ አስመስሎ ያሳያችኋል።

ብዙ ስብስቦች ውስጥ አዲስ ነገር የለም። ይህን ለቡድኑ ከመጀመሪያው ንገሩ። «ፈልገናል፣ አላገኘንም» የሚለው ውጤት ሙሉ ውጤት ነው። ባዶ እጅ መመለስን እንደ ውርደት የሚያይ ቡድን ደብዛዛውን ረብሻ አስትሮይድ ብሎ ይልካል፤ ያን የሚያጣራው ሰው ጊዜውን ያጣል፣ የቡድኑም ቀጣይ ሪፖርት በጥርጣሬ ይታያል። በሌላ በኩል እርግጠኛ ስላልሆናችሁ ብቻ መስፈርቱን በሙሉ ያለፈውን ነጥብ አታስቀሩ። መስፈርቱ ይፍረድ።

ሪፖርቱን ላኩ

ለክታችሁ ስትጨርሱ ሶፍትዌሩ ራሱ የጽሑፍ ሪፖርት ያወጣል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ልኬት ነው፦ ለነጥቡ የሰጣችሁት ጊዜያዊ መጠሪያ፣ ቀንና ሰዓት፣ በሰማይ ላይ ያለው ቦታ፣ ድምቀቱ፣ መጨረሻ ላይ የቴሌስኮፑ መለያ። የፓን-ስታርስ መለያ ኤፍ51 ነው፤ እሱ ካልታየ የሶፍትዌሩ ቅንብር ተሳስቷል። መጠሪያውን ዘመቻው በሚሰጣችሁ ሥርዓት መሠረት ስጡ፤ አንዱን መጠሪያ ለሁለት ነጥብ አትድገሙ።

በዚህ ሪፖርት ውስጥ ክፍት ቦታም ትርጉም አለው። መስመሩ 80 ዓምድ አለው፣ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ዓምድ አለው። በወርድ ከፍታችሁ «ለማሳመር» አትሞክሩ፤ አንድ ክፍት ቦታ ከተጨመረ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን በሌላ ቁጥር ቦታ ያነበዋል። ከመላካችሁ በፊት መዝጋቢው መስመሮቹን ከማስታወሻው ጋር ያስተያይ። ቅጂውንም አስቀምጡ።

ከላካችሁ በኋላ

አሁን መታገሥ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የሚሰጠው ስያሜ የመጀመሪያ ደረጃ ግኝት ነው፤ አንድ ጊዜ ታየ ማለት ነው። ነጥቡ በቅርብ ቀናት ውስጥ በሌላ ሌሊት እንደገና ከታየ ማይነር ፕላኔት ሴንተር ጊዜያዊ መለያ ይሰጠዋል። ድንቅነሽ ለብዙ ዓመታት የተጠራችው 1999 ቪዲ57 በሚል መለያ ነበር። ዓመቱ የታየችበት ነው፤ ቪ የተባለው ፊደል የኖቬምበርን የመጀመሪያ አጋማሽ ይነግራል። በመጨረሻም ምህዋሩ በደንብ ሲታወቅ ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የእሷ 152830 ነው። ከመጀመሪያው ደረጃ ተነስቶ ቋሚ ቁጥር ላይ መድረስ ዓመታት ይወስዳል። ስም ማቅረብ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሙ ከ16 ፊደል አይበልጥም፣ በፖለቲካ ወይም በጦርነት የታወቀ ሰው ስም ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ከሞተ 100 ዓመት ማለፍ አለበት።

ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በፌስቡክ ላይ የምትጽፉትን መዝኑ። «የመጀመሪያ ደረጃ ግኝት ሪፖርት አድርገናል» ማለት እውነት ነው፣ ያኮራልም። «ተማሪዎቻችን አዲስ አስትሮይድ አገኙ» የሚለው ገና ያልደረሰበት ቦታ ነው። ርእሰ መምህሩ ቢቸኩሉም መምህራችሁ በትህትና ያስረዱላችሁ።

ማስታወሻችሁን በሙሉ ለሚቀጥለው ዓመት ቡድን አስረክቡ፤ የይለፍ ቃሉን፣ የሶፍትዌሩን ቅንብር፣ የት እንደተቸገራችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ሲወጡ አብሮ የሚጠፋ ክበብ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ መንገዱ ይሰፋል። በ2006 ወደ ፕሉቶ የመጠቀችው ኒው ሆራይዘንስ መንኮራኩር የያዘችውን የአቧራ መቁጠሪያ የሠሩት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በ2018 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው፣ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 የሆነው ትንሽ ሳተላይት ከዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ተለቋል። እኛም በዲሴምበር 2019 ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን ሳተላይት ከቻይና አምጥቀናል፤ በእንጦጦ ተራራ ላይም ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ቡድናችሁ አንድ ዘመቻ ከጨረሰ በኋላ እንጦጦን ለመጎብኘት ደብዳቤ ጻፉ፤ የላካችሁትን ሪፖርት አያይዙ። የምትጠይቁት ጥያቄ ሥራውን ሳትሠሩ ከምትጠይቁት ፈጽሞ የተለየ ይሆናል።

በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አሁኑኑ አንድ ቀን ክበቡ፦ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ ማለትም ኤፕሪል 13 ቀን 2029። ስፋቱ ከ300 ሜትር በላይ የሆነው አፖፊስ በዚያ ሌሊት ከምድር ገጽ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ይህ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከሚገኙበት ከፍታ ያነሰ ነው። ምድርን እንደማይመታ በተደጋጋሚ ልኬት ተረጋግጧል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ ከአፍሪካና ከአውሮፓ ያለ ቴሌስኮፕ ይታያል። እጅግ የሚቀርበው በ21 ሰዓት ከ46 ዩቲሲ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ገደማ ነው። ወሩ የበልግ ዝናብ ያለበት ስለሆነ ከከተማ መብራት የራቁ ሁለት ቦታዎችን፣ አንዱ ቢደመን ሌላው እንዲኖራችሁ፣ በተለያየ አካባቢ አስቀድማችሁ ምረጡ። የሁለቱንም ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ መዝግቡ። ከዚያ በፊት ባሉት ሚያዝያዎች በዚያው ሰዓት ወጥታችሁ ኮከቦቹን አጥኑና የድምቀታቸውን ቅደም ተከተል ያዙ። በዚያ ሌሊት በየ10 ደቂቃው የአፖፊስን ድምቀት ከሁለት የታወቁ ኮከቦች ጋር አስተያይታችሁ ሰዓቱን በዩቲሲ ትጽፋላችሁ።